ቀላል ሠርግ ደብዛዛ ሠርግ አይደለም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የምረቃ ሰሞን ሲቃረብ በጀመዓችን ውስጥ አንድ ወሬ ይበዛል። እገሌ ሽማግሌ ላከ፣ እገሊት ታጨች፣ እነ እገሌ ኒካሕ ሊያስሩ ነው ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ከዚህ ወሬ ጀርባ ግን ቀስ ተብሎ የሚወራ ሌላ ነገር አለ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ልጁም ልጅቷም ወደው፣ ኒካሑ ግን ሁለት ሦስት ዓመት የሚቆይባቸው ጥቂት አይደሉም። «ምን ትጠብቃላችሁ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ «ለሠርጉ ገንዘብ እስክናጠራቅም»። ለቤት ኪራይ አይደለም፤ ለአልጋና ለምድጃም አይደለም። ለአንዲት ቀን ነው።

ያቺ አንዲት ቀን ምን ምን እንዳለባት ሁላችንም እናውቃለን። አዳራሽ አለ፤ በአበባና በመብራት የተሸፈነ መድረክ አለ፤ የቬሎ ኪራይ፣ የሱፍ ኪራይ፣ ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ልብስ፣ ሪባን የታሰረባቸው መኪኖች፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚከተል የቪዲዮ ቡድን፣ ማንም የማይጨርሰው ባለ ብዙ ፎቅ ኬክ አለ። ከዚያ ደግሞ መልስና ቅልቅል ይከተላሉ። ኒካሕ የሚፈልገው ግን የሁለቱን ፈቃደኝነት፣ የሙሽሪትን ወሊይ፣ ሁለት ምስክሮችን፣ የውሉን ቃልና መህርን ነው። ከላይ ከዘረዘርነው ውስጥ አንዱም በዚህ ውስጥ አይገኝም።

ዛሬ ብዕር ያነሳነው «ኢስራፍ ክፉ ነው» ለማለት ብቻ አይደለም። ያንን ኹጥባ ሁላችንም ሰምተናል፤ ሰምተንም ተመልሰን የአዳራሽ ዋጋ እንጠይቃለን። እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። «ቀላል ሠርግ» ሲባል ብዙዎቻችን በዓይናችን የሚመጣው የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ረጅም ንግግርና ጓዳ ውስጥ ማንም ሳያያት የዋለች ሙሽራ ናት። ልጅነቷን ሙሉ ስለ ሠርጓ ስታስብ የኖረች እህት ይህንን ብትሸሽ አይፈረድባትም። ውበት መውደድ ኃጢአት አይደለም። ጋብቻን ማሳወቅ፣ በሠርግ ቀን ድፍ መምታት፣ ሰው መጋበዝና መደሰት በዲናችን ቦታ ያላቸው ነገሮች ናቸው።

እኛ የምንለው ይህን ነው። ቀላል ሠርግ ደብዛዛ መሆን የለበትም። ሐሳብ ከታከለበት ከአዳራሹ ሠርግ ይበልጥ ያምራል፣ ይበልጥም ሙሽሮቹን ይመስላል። ከአዳራሹ የተረፈው ገንዘብ ደግሞ ባልና ሚስት ለብቻቸው ለሚያሳልፏቸው ቀናት ይዋል።

መንገድ ላይ የተደገሰ ወሊማ

ከሁሉ በፊት ወደ ሲራ እንመለስ፤ ለየት ያለ ሠርግ የሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ምንጭ አያገኝም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እናታችንን ሰፊያን (ረ.ዐ.) ያገቡት ከኸይበር ሲመለሱ በመንገድ ላይ ነበር። በኸይበርና በመዲና መካከል ሦስት ቀን ቆዩ። በወሊማው ዳቦም ሥጋም አልነበረም። ቆዳ ተነጠፈ፤ ከሰሐቦቹ እጁ ላይ ትርፍ ስንቅ ያለው ይዞ መጣ። ተምር ያለው ተምር፣ ቅቤ ያለው ቅቤ፣ የደረቀ አይብ ያለው አይቡን አመጣ፤ ተደባልቆም ተበላ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሊማ ይህ ነበር። ሠርጉና ጉዞው አንድ ላይ፣ ድግሱም ከእንግዶቹ ስንቅ።

እናታችንን ዘይነብን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ ደግሞ በግ አርደው ሰውን ዳቦና ሥጋ አብልተዋል። አነስ (ረ.ዐ.) ለሌሎቹ ባለቤቶቻቸው ከዚህ የበለጠ ወሊማ እንዳላየ ተናግሯል። ትልቁ ወሊማ አንድ በግ ነው ማለት ነው። በዚያ ዕለት ከምግቡ በኋላ ወሬ ይዘው የቆዩ እንግዶች ነበሩ፤ እንግዳ ከበላ በኋላ እንዲበተን የሚያዘው የሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ሙሽሮችን መድረክ ላይ አስቀምጠን ፎቶ የምንነሳ እኛ ይህን አንቀጽ ደግመን ብናነበው ይጠቅመናል።

ሦስተኛው ታሪክ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ነው። መዲና ውስጥ አግብቶ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ማግባቱን ያወቁት ልብሱ ላይ የሽቶ ቢጫ ምልክት አይተው ጠይቀውት ነው። መህሩ የተምር ፍሬ የሚመዝን ወርቅ ነበር። እሳቸውም ባረኩት፤ አንዲት በግም ብትሆን አርዶ ወሊማ እንዲያደርግ ነገሩት። «ለምን አልጠራኸኝም?» የሚል ቅሬታ በታሪኩ ውስጥ የለም። ዛሬ የሦስተኛ ዘመድ ልጅ ካልተጠራ የሚኮራረፍ ቤተሰብ ስንት ነው?

አራተኛው ደግሞ የተፈጸመው እዚሁ በአገራችን ነው። እናታችን ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ ተሰድዳ ብቻዋን በቀረችበት ወቅት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለጋብቻ የጠየቋት በነጃሺ በኩል ነበር። ንጉሡ በእሳቸው ስም መህሯን ከራሱ ከፈለ። በአንዳንድ ዘገባ 400 ዲናር፣ በሌላው 4,000 ድርሃም ነው። ከውሉም በኋላ ለተሰበሰቡት ሙሃጂሮች ምግብ አቀረበ። ሙሽራው በሌለበት፣ ከዘመዶቿ ርቃ በስደት ላይ ያለች ሙሽራ፣ ክብሯ ግን አንድም አልጎደለም። የሙሽራ ክብር በመህሯና በአያያዟ እንደሚታይ ከዚህ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ቁጠባው ከመህሯ አይጀመር

ይህንን አጥብቀን መናገር እንፈልጋለን። «ሠርጉን ቀላል እናድርግ» የሚለውን ቃል ይዞ መጥቶ መጀመሪያ መህሩን የሚቀንስ ወንድም አለ። ቀላል ሠርግ ማለት ይህ አይደለም። አዳራሹ የማንም መብት አይደለም፤ መህር ግን የእሷ መብት ነው። እሷ በፈቃዷ ብታቀለው መልካም፤ እሱ ግን በኢስራፍ ስም ሊቀንሰው አይገባም።

መህርን ለየት ለማድረግ ደግሞ ሰፊ ቦታ አለ። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ለፋጢማ (ረ.ዐ.) የሰጠው የጦር ጥሩሩን ነው። የኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) መህር የአቡ ጦልሓ መስለም ነበር። የብረት ቀለበት እንኳ ያላገኘው ሰሐባ የሚያውቀውን ቁርኣን ሊያስተምራት ተጋብቷል። ዛሬም አንዲት እህት የምትፈልገው የሙያዋን መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ለፋርማሲ ተማሪ ሱቅ የምትጀምርበት መነሻ፣ ለኮምፒውተር ተማሪ ጥሩ ላፕቶፕ፣ ለሌላዋ የተፍሲር መጻሕፍት ወይም የዑምራ ጉዞ ይሆናል። ለአንድ ቀን ከሚከራይ ቬሎ ይልቅ ዕድሜ ልክ በእጇ የሚቆይ ነገር ይሻላል። ምን እንደሆነ ግን የምትናገረው እሷ ናት፤ ሲነገርም በግልጽ፣ በጽሑፍና በምስክር ፊት ይሁን።

ኒካሑ የት፣ ልብሱ ምን?

ቦታው። ከዐስር ሶላት በኋላ በሰፈር መስጂድ የሚታሰር ኒካሕ በረካም ግርማም አለው። ከዚያ በኋላ ወሊማውን ለማድረግ የግድ አዳራሽ አያስፈልግም። የአያት ግቢ ውስጥ ያለ የዋርካ ወይም የማንጎ ጥላ፣ የቤተሰብ የቡና ማሳ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያለ ሣር፣ ወይም በመንደሩ የተተከለ ዳስ ይበቃል። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ሰሐን በየሰፈሩ እድር ውስጥ አለ፤ ለለቅሶ እንደሚወጣ ሁሉ ለደስታም ይወጣል።

ጌጡ። የውጭ አገር ሥዕል አይተን የፕላስቲክ አበባ ከምንከራይ በየቤታችን ያለውን እናውጣ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ተሸፍኖ ያየ ሰው ሌላ ዲኮር አይመኝም። የሐላባ ቤቶች በውስጥም በውጭም የሚሳሉባቸው ቀለማትና ቅርጾች ለመድረክ ጀርባ ቢሆኑ የትኛውም የአዳራሽ መጋረጃ አይስተካከላቸውም። የወሎ ምንጣፍ፣ የጅማ የእንጨት በርጩማ፣ ከየተማሪው ቤት የተዋሰ መሶብ በአንድ ላይ ሲደረደሩ እንግዳው ሲገባ የሙሽሮቹን አገር ያያል። በጠረጴዛ ላይ ለመቆረጥ ከተቆረጠ አበባ ይልቅ በማሰሮ የበቀለ ጤና አዳምና አሪቲ ይቀመጥ፤ እንግዳ ሲሄድ ይዞት ይሂድ።

ልብሱ። ነጭ ቬሎ ክልክል ነው አላልንም። ግን አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚመለስ ልብስ ነው። የሐረር ሴቶች የሚለብሱት ባለ ደማቅ ቀለም ሐር፣ የሸማኔ እጅ የሠራው ጥበብ ያለው ቀሚስ ከራሱ ከሸማው በተቆረጠ ሂጃብ፣ የሶማሌና የድሬዳዋ ድሪዕ፣ ለሙሽራውም ጥሩ ጀለብያ ወይም ቀጭን ጥበብ ያለው የሀበሻ ልብስ ከነጋቢው አሉ። እነዚህ ለዒድ ይለበሳሉ፤ ለልጅም ይተርፋሉ። በእጅና በእግር ላይ ሂና ወይም እንሶስላ ከዋዜማው ሲሞቅ፣ እናትና አክስት ሲሰበሰቡ፣ ያ ማታ ራሱ ትልቅ ድግስ ነው።

የሴቶች ክፍል። ሙሽሪት ሳትሸማቀቅ እንድትደምቅ የሚያስችላት ትልቁ ነገር የተለየ የሴቶች ቦታ ነው። ሲሆን ሲሆን ከወንዶቹ ቦታ የተሻለው ይሰጣቸው፤ ጓዳና ኮሪደር አይሁን። በር ላይ አንድ ቅርጫት ተቀምጦ ስልክ ሁሉ እዚያ ይግባ። ስልክ በሌለበት ሴቶቹ እንደልባቸው ያምራሉ፣ ድፍ ይመታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይስቃሉ፤ ነገ ፎቶዬ የት ይወጣል የሚል ሐሳብ የለም። ፎቶ የምታነሳ አንዲት የታመነች እህት ትመደብ፤ ፎቶዎቹም ለሙሽሪት ብቻ ይሰጡ።

ምግቡ። የሰፊያን (ረ.ዐ.) ወሊማ አስታውሱ። ከእንግዶች መካከል የቅርብ የሆኑት አንድ አንድ ድስት ይዘው ቢመጡ ማን ይጎዳል? ከአንዱ ቤት ሩዝ በሥጋ፣ ከሌላው ዶሮ፣ ከሐረር ልጅ ሐላዋ፣ ከወሎ ልጅ ቃሪቦ፣ ከስልጤና ከጉራጌ ልጅ ክትፎና ቆጮ፣ ከጅማ ልጅ የተወቀጠ ቡና ይመጣል። አንድ ጠረጴዛ ላይ አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። በዚህ ላይ ሐብታም ብቻ የሚጠራበትና ድሃ የሚገፋበት ወሊማ በሐዲሥ የተነቀፈ ምግብ መሆኑን አንርሳ። የግቢው ዘበኛ፣ ዶርም የሚያጸዱልን እናቶች፣ መስጂድ በር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ተጋባዦች መካከል ይሁኑ።

ሰዓቱ። ከዐስር እስከ መግሪብ፣ ቢበዛ እስከ ዒሻ። እንግዳው ሶላት ሳያልፈው ወደ ቤቱ፣ ሙሽሮቹም ወደ ቤታቸው።

«ወላጆቼ ምን ይላሉ?»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሁለቱ ተስማምተው ሳለ «ልጄን እንደ ሙት ልጅ ዝም ብዬ አልድርም» የሚል አባት፣ «የሰው ሠርግ ስበላ ኖሬ የኔን ሳላበላ» የምትል እናት ይመጣሉ። ይህን ንግግር ማቃለል ተገቢ አይደለም። እናት ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ድግስ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ብር ስታዋጣ ኖራለች። ለእሷ ሠርጉ ብድር የምትመልስበት ቀን ነው። «ኢስራፍ ነው እማዬ» ብሎ ሐዲሥ ወርውሮ መውጣት የወላጅን ሐቅ አለማወቅ ነው።

መፍትሔው አስቀድሞ መነጋገርና ወላጅ ሊቆጣጠረው የሚችል ክብር መስጠት ነው። ለምሳሌ ኒካሑና የሙሽሮቹ ወሊማ በትንሹ ይደረግና፣ የእናት እድርተኞችና ጎረቤቶች ደግሞ በሌላ ቀን በግቢ ውስጥ በገንፎ፣ በቡናና በአንድ በግ ይጠሩ። ለእናት ዋናው ነገር ጎረቤቶቿ ቤቷ ገብተው መብላታቸው ነው፤ የአዳራሽ መብራት አይደለም። አባትን ደግሞ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ጽፈን እናሳየው፤ በአንድ በኩል የአዳራሹ ቀን፣ በሌላው በኩል የስንት ወር የቤት ኪራይ እንደሚሆን። ብዙ አባቶች ቁጥር ሲያዩ ይለሰልሳሉ። እሱም ካልሆነ የመስጂዱን ኢማም ወይም የተከበረ ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ለማስታረቅም ነው።

«በሕይወት አንዴ የሚመጣ ቀን ነው» የሚልም አለ። እውነት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌሎች ብዙ ቀናት አሉ፤ እነሱም አንድ አንድ ጊዜ ነው የሚመጡት። በዕዳ የተጀመረ ትዳር የመጀመሪያዎቹን ወራት በአበዳሪ ስልክ ያሳልፋል። ሁለት ሦስት ዓመት የዘገየ ኒካሕ ደግሞ በሁለቱ ላይ የሚያመጣውን ፈተና በግቢያችን የምንኖር ሁሉ እናውቀዋለን፤ ዘርዝረን አንጽፈውም።

አንድ ነገር ግን ቀላል ስለሆነ መዘንጋት የለበትም። ኒካሑ በመስጂድ ቢታሰርም በወሳኝ ኩነት ምዝገባ መመዝገብ አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ ዝቅተኛውንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጓል። የምስክር ወረቀቷ ነገ ለቤት ኪራይ፣ ለፓስፖርት፣ ለውርስ ትፈለጋለች። በጫጉላ ጉዞም ሆቴል በር ላይ ጥያቄ ቢነሳ መልሷ እሷው ናት።

ጫጉላ

ጫጉላ የሚለውን ቃል ከሽርሽር ጋር አያይዘን ስለለመድነው አውሮፕላን ይመስለናል። በገጠሩ ግን ጫጉላ ቤት ማለት ሙሽሮች የሠርጉን ሰሞን የሚያሳልፉባት ጎጆ ናት። በሐረር ጥንታዊ ቤቶችም ውስጥ ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሳምንት ሳይወጡ የሚያሳልፉባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ምግባቸው በትንሽ መስኮት ይቀበላቸዋል። የሁለቱም ትርጉም አንድ ነው። አዲስ ባልና ሚስት ከሰው ዓይን ርቀው እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። በተለይ እኛ ከኒካሕ በፊት ተነጥለን ላለመቀመጥ የምንጠነቀቅ ሰዎች ይህ ጊዜ ከማንም በላይ ያስፈልገናል። ብዙ ሙሽሮች ግን ያላቸውን ሁሉ አዳራሽ ላይ አፍስሰው በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ይመለሳሉ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤቶቻቸው ጋር ይጓዙ ነበር። በአንድ ጉዞ ላይ ሰዎቹን ወደፊት እንዲሄዱ አድርገው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል፤ እሷ ቀደመቻቸው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እሳቸው ቀደሟት፤ የዚያኛው ብድር መሆኑንም እየሳቁ ነገሯት። ባልና ሚስት በመንገድ ላይ እንዲህ ይጫወታሉ። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከሠርጉ ቆጥባችሁ ለጥቂት ቀናት ውጡ። የት እንደሚኬድ አንዳንድ ሐሳብ እናቅርብ።

ሐረር። የጁገል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከግንቡ ውስጥ 82 መስጂዶች አሉ፤ በየትኛውም ጠባብ መንገድ ብትታጠፉ አዛን ይሰማችኋል። ከሆቴል ይልቅ እንግዳ የሚቀበሉ የሐረሪ ቤቶች ውስጥ ማደር ይሻላል። ቀይ ቀለም የተቀባው ነደባ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ሙሉ ስፌት እያዩ ሻይ መጠጣት ራሱ ሽርሽር ነው። ቀን በገበያ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት መውጣት ነው። ሐላል ምግብ ፍለጋ አትደክሙም። ድሬዳዋ ቅርብ ስለሆነች አንድ ማታ እዚያም ማሳለፍ ይቻላል።

ባሌ። ለብቻ መሆን ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ቀይ ቀበሮን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከአምባው ወደ ሐረና ጫካ ስትወርዱ በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከድንጋይ ወደ ዱር ቡና ትገባላችሁ። ወፍራም ካፖርት ለሁለታችሁም ያዙ። ከሮቤ በስተምሥራቅ ደግሞ የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ። 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል። ውኃው ያበጃቸውን ዓምዶች ሲያዩ «ሱብሐነላህ» ከማለት ውጪ ቃል አይገኝም። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ በበጋ ሂዱ፤ የአካባቢውን መሪና መብራትም ያዙ።

ጅማ። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከእነ እንጨት ሥራው ቆሟል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የገዙት አገር ነው። ጠዋት ቤተ መንግሥቱን፣ ከሰዓት በኋላ የቡና ጫካውን ማየት፣ ማታ ከቤተሰብ ቤት ቡና መጠጣት ነው። መንገዱ ራሱ አረንጓዴ ነው።

ሐይቆቹ። ብዙ ቀን ለሌላቸው ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በጠዋት ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ ማየትና እዚያው ትኩሱን ዓሣ መብላት ይቻላል። ዓሣ የእርድ ጥያቄ ስለሌለበት መንገደኛ ሙስሊምን ከብዙ ጭንቀት ያድናል። በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ ሐይቅ ደግሞ በፈረስ ወርዶ በጀልባ ለመሻገር ነው። ወሎ ላይ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐይቅ አለ፤ በመንገዱ ላይ ዘመድ ያለው ሁለት ሐጃ ያወጣል።

ዑምራ። ለቻለ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ የጫጉላ ጉዞ ነው። ካዕባን ለመጀመሪያ ጊዜ ከትዳር አጋር ጋር ማየት ምን ይመስላል! በኢሕራም ላይ ለባልና ሚስት የሚከለከሉ ነገሮች ስላሉ ቀኖቹን ከዓሊም ጠይቃችሁ አስተካክሉ። ኒካሑም ከኢሕራም በፊት ይታሰር።

የትም ብትሄዱ ጥቂት ነገር አትርሱ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፤ ጫጉላ ለማንም ጀግንነት የሚታይበት ቦታ አይደለም። በጉዞ ላይ ባለ አራት ረከዐ ሶላትን ማሳጠር የተፈቀደ ጸጋ ነው፤ ተጠቀሙበት። አብራችሁ ፈጅርን ስገዱ። የደረሳችሁበትን ቦታ ደግሞ በየሰዓቱ ለሰው አታሳዩ። ጫጉላ መደበቂያ ጎጆ ነበረች፤ በስልክ ከከፈትናት ግድግዳ የላትም።

ከጀመዓችን የምንጠብቀው

ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሙሽራ ትተን ብንበተን ጽሑፋችን ምክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፤ የሠርግ መደብ ይኑረን። ከየቤቱ የሚሰጥ ምንጣፍ፣ ስፌት፣ መሶብ፣ ድፍ፣ የሙሽራ ሸማ፣ የወንድ ጀለብያ በአንድ ቦታ ይቀመጥና ለሚያገባ ሁሉ በነፃ ይዋስ። ምግብ የሚችሉ እህቶች፣ ፎቶ የሚችሉ እህቶችና ወንድሞች፣ በእጃቸው ጽሑፍ የሚያምርላቸው፣ መኪና ያላቸው ነባር ተመራቂዎች ስማቸውን ያስመዝግቡ። አርኪቴክቸር የሚማሩት ዳሱን፣ ሒሳብ የሚማሩት ወጪውን ይያዙ። እድር አያቶቻችን ለሞት ያቋቋሙት ነው፤ እኛ ለኒካሕ ብናቋቁም ያምርብናል።

የመጀመሪያው ሠርግ ሲደረግ ሌላው ያያል። ካየ ደግሞ ቀላል ሠርግ ደብዛዛ አለመሆኑን ኹጥባ ሳያስፈልገው ያውቃል። ሁለት ዓመት ይጠብቅ የነበረውም ምናልባት ከሁለት ወር በኋላ ኒካሑን ያስራል።

ያላገባችሁትን አላህ መልካሙን ይወፍቃችሁ፤ ያገባችሁትን በመካከላችሁ እዝነትንና ፍቅርን ያድርግላችሁ፤ ለማግባት አቅም ያጠራችሁን ከችሮታው ያብቃቃችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።